ውሉ አለቀ እንጂ ሰውየው አላለቀም

ይህች ጽሑፍ ስትታይ ስለ ኳስ ትመስላለች። ኳስ የማይወድ ሰው ግን ከወዲሁ ፊቱን እንዳያዞርብኝ እለምናለሁ። ሙግቴ ከስፖርቱ ጋር አይደለም፤ ከእኛው ጋር ነው። ግጥም እንጽፋለን፣ ልቦለድ እናነባለን፣ የሰውን ልብ እናውቃለን ከምንለው ከእኛ ጋር።

እኔ ቀን ቀን መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። ከሁለቱም ቆጠራ ያተረፍኩት ብዙ አይደለም። ይሁንና መስኮቱ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ሰው ገንዘብ ሲጠይቅ ሳይሆን ገንዘቡ አለመግባቱ ሲነገረው ነው ማንነቱ የሚታየው።

ካቻምና ክረምት አንድ የከተማችን ልጅ በየሳምንቱ ወደ መስኮቴ ይመጣ ነበር። ለስድስት ዓመታት በታችኞቹ ሊጎች በአራት ክለቦች ተጫውቷል። የመጨረሻው ክለቡ የሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፍለው የውድድሩ ዘመን ተጠናቀቀ። «ጋሼ፣ ገብቷል?» ይለኛል። «አልገባም» እለዋለሁ። በዚያ ክረምት በእኔና በእሱ መካከል የተለዋወጥነው ቃል ይኸው ብቻ ነበር። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ሙያዬ ነውና ይህችን ያህል የምጽፈው እንኳ እሱኑ አስፈቅጄ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ከኋላው ተሰልፈው ከነበሩት አንዱ ድምፁን ሳይቀንስ እንዲህ አለ፦ «ይሄ ኳስ ተጫዋች ልሆን ነው ብሎ የሄደው አይደለም እንዴ? ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ!» ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁ ወደ ተናጋሪው አልዞረም፤ ወደ እኔ ጠጋ አለና በዝግታ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልተባረርኩም። ውሌ ነው ያለቀው» አለኝ።

እኔም እንደ አገሬ ሰው «አብሽር» አልኩትና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ «አብሽር» ታሳፍረኛለች። የሚናገረውን አጥቶ የቆመ ሰው ፊት እኔ፣ ቃል እመርጣለሁ የምለው ሰው፣ የማቀብለው ቃል አልነበረኝም። በ«ተባረረ» እና በ«ውሉ አለቀ» መካከል ያለውን ልዩነት ልጁ ያውቀዋል። ከተማው አያውቀውም። ሥነ ጽሑፋችንም አያውቀውም። የዛሬው ጽሑፍ የዚያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው።

*

እስኪ ስለ ስፖርተኛ የተጻፉ ግጥሞቻችንን ልብ ብላችሁ መርምሩ። ሁለት መሳቢያ ብቻ ነው ያለን። በአንደኛው መሳቢያ ውስጥ ወርቅ አለ፤ ባንዲራ አለ፤ እንባ አለ። በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ውድቀት አለ፤ መጠጥ ቤት አለ፤ «እንዲያ አልነበረም ድሮ» የሚል ዋይታ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው፣ ይኸውም ሙያውን ይዞ ከቡድን ቡድን፣ ከአገር አገር እየተዘዋወረ፣ አንዱን ውል ጨርሶ ሌላውን እየፈረመ አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት ዓመት በእግሩ እንጀራ የሚበላው ባለሙያ፣ መሳቢያ የለውም። መሳቢያ ስለሌለውም በሁለተኛው ውስጥ እንወረውረዋለን።

ለዚህ ሰው ያወጣንለት ስም «ተንከራታች» የሚል ነው። ቃሉን አስተውሉ። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት የባንክ አገልግሎት አራት ቅርንጫፎች ተዘዋውሬአለሁ፤ ተንከራተተ ያለኝ አንድም ሰው የለም። በሥራ ግምገማዬ ላይ የተጻፈልኝ «በተለያዩ ቅርንጫፎች ሰፊ ልምድ ያካበተ» የሚል ነው። የባንኩ ደብዳቤም የክለቡ ደብዳቤም የሚጠቀሙት ያንኑ «ዝውውር» የሚለውን ቃል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተዘዋወረው ልምድ አካበተ፤ በእግሩ እየሮጠ የተዘዋወረው ተንከራተተ። ፍርዱ ይህን ያህል ሚዛን የጎደለው ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ሰው ልምጣ። ስሙ ፍቅሩ ተፈራ ይባላል።

ፍቅሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። በዚያ የኦርላንዶ ፓይሬትስን፣ የሱፐርስፖርት ዩናይትድን፣ የፍሪ ስቴት ስታርስንና የቢድቬስት ዊትስን ማልያ ለብሷል። በቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦሌስላቭ፣ በቬትናም ለታን ሆዋ ተሰልፏል። ቀጥሎም ሕንድ ገባ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ናዝሬትና አዋሳ ሩቅ አገር በሚመስሉበት ዘመን ይህ ሰው ሦስት አህጉር ላይ ጫማውን አስሯል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ቀን ልንገራችሁ። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በካልካታ ከተማ፣ በሶልት ሌክ ስታዲየም፣ የሕንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታ ተጀመረ። ሊጉ አዲስ ነበርና ስመ ጥር ለመሆን በዓለም የታወቁ አንጋፋዎችን በብዙ ገንዘብ ሰብስቦ ነበር። ጣሊያናዊው ዴል ፒዬሮ በደልሂ፣ ፈረንሳዮቹ ትሬዜጌ በፑኔ፣ ፒሬስ በጎዋ፣ አኔልካ በሙምባይ፣ ስዊድናዊው ሊዩንግበርግም እንዲሁ በሙምባይ ነበሩ። የዓለም ዋንጫ ያነሱ እጆች፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ሊግ የገዙ እግሮች ናቸው። ታዲያ በዚያ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ማን አገባ? ጨዋታው በተጀመረ በ27ኛው ደቂቃ፣ ለአትሌቲኮ ደ ካልካታ፣ ሙምባይ ሲቲ ላይ፣ ፍቅሩ ተፈራ። ጨዋታው 3 ለ 0 ተጠናቀቀ። ከእንግዲህ የዚያ ሊግ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚቀመጠው የአዲስ አበባ ልጅ ስም ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ቀን አትሌቲኮ ደ ካልካታ ኬራላ ብላስተርስን 1 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ሰው ግን በፍጻሜው ሜዳ ላይ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቼናይን የሚባለውን ቡድን ተቀላቀለ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያ ቡድንም ጎዋን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ቡድን፣ ሁለት ሻምፒዮና።

እንግዲህ የባለሙያው ሕይወት ይህን ይመስላል። በሩን ይከፍታል፤ ድግሱ ላይ ላይገኝ ይችላል። በማግስቱ ሌላ በር ፍለጋ ሻንጣውን ያነሣል። ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ለግጥም የሚሆን ምን ነገር አለ? ስለዚያች የ27ኛዋ ደቂቃ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ግጥም ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ፤ ይህን ጽሑፌን በአደባባይ ይቅርታ ጠይቄ እመልሰዋለሁ።

*

የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። በሻይ ቤትም በግጥም ምሽትም ሰምቼአቸዋለሁና።

የመጀመሪያው «ታማኝነትስ የት ገባ?» የሚል ነው። «መንግሥቱ ወርቁ ዕድሜ ልኩን በአንድ ማልያ ተጫወተ፤ የዛሬዎቹ ግን ለከፈላቸው ሁሉ ይጫወታሉ» ይሉኛል። ለመንግሥቱ ወርቁ ያለኝ አክብሮት ከማንም አያንስም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ከጎል አግቢዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለእኛ ተጫዋች የተከፈተው የውጭ ገበያ ምን ያህል ነበር? በር ባልነበረበት ቤት ውስጥ የተቀመጠን ሰው «አልወጣም ያለ ጀግና» ብሎ በር በተከፈተበት ዘመን የወጣውን መኮነን ፍትሕ አይደለም።

ደግሞስ የዚያን ዕለቱ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ምን ሆነ? አስመራ ተወልዶ፣ ከወንድሙ ከኢታሎ ጋር በዚያው ፍጻሜ ጎል አስቆጥሮ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሰው ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው በሰው አገር ዐረፈ። ወርቅ በተባለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥነው ሰው ራሱ መጨረሻው መንገድ ነበር። እኛ ግን ዋንጫውን እንጂ መንገዱን መዘመር አንወድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለአገሩ ምን ሠራ?» የሚል ነው። ለዚህ ሳላዲን ሰዒድን እጠራለሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አዳነ ግርማ አንዷን፣ ሳላዲን አንዷን አገቡና ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። አገር በጭፈራ ተናወጠ። ሦስት ወር ቆይቶ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት፣ በዛምቢያ ጨዋታ ላይ ያው ሳላዲን የፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ቀኑ ደግሞ ጥር 13 ነበር፤ የ1954ቱ ድል 51ኛ ዓመት። ያን ዕለት በየቤቱ ያልተሰደበ ስድብ የለም። ጨዋታው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 መጠናቀቁ እንኳ ስድቡን አላበረደውም። በጥቅምት በአንደኛው መሳቢያ አስቀመጥነው፤ በጥር አውጥተን ወደ ሁለተኛው ወረወርነው። ሰውየው ግን ከሁለቱም ቀን በኋላ በማግስቱ ተነሥቶ ልምምድ የሚሄድ ሠራተኛ ነበር። በግብፅ ለዋዲ ደግላና ለአል አህሊ፣ በቤልጂየም ለሊርስ፣ በአልጄሪያ ለኤም ሲ አልጀር ተጫውቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊሱ ተመለሰ። ሽመልስ በቀለና ኡመድ ኡኩሪም በዚያው በግብፅ ሜዳዎች ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለአገር የሠሩት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጎል ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ልጅ በሙያው ተፈልጎ፣ ውል ፈርሞ፣ በሰው አገር ደመወዝ የሚቆረጥለት መሆኑን ማሳየታቸው ራሱ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ይህ ደግሞ የእኔ መስክ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ሲወሰን «እሱም ይበዛባቸዋል!» ያለው ሰው ብዙ ነበር። እስኪ እንደ ባንክ ሠራተኛ እናስላው። እኔ በ23 ዓመቴ ተቀጥሬአለሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በ60 ዓመቴ ጡረታ እወጣለሁ። 37 ዓመት ማለት ነው። ተጫዋቹ በ20 ዓመቱ ቢጀምርና ጉልበቱ ቢያዝንለት በ32 ዓመቱ ያቆማል። 12 ዓመት ማለት ነው። የእኔን 37 ዓመት የሚያህል ዕድሜ በ12 ዓመት ደመወዝ መግዛት አለበት። ከዚያ ላይ ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳት አለ፤ የሚቀየር አሠልጣኝ አለ። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማና በመንግሥት በጀት ነውና በጀቱ ሲደርቅ ደመወዙም ይደርቃል። ጣሪያውን አይቶ የሚቆጣ ሰው ወለሉን አላየም። ወለሉን እኔ በመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ «ጋሼ፣ ገብቷል?» የሚል ድምፅ አለው።

ፍቅሩም ሆነ ሌሎቹ ጻድቃን ናቸው አላልኩም። ከቡድን ቡድን የሚሄድ ሁሉ በሙያው ኮርቶ የሚሄድ አይደለም፤ ተጣልቶ የሚሄድም፣ ሰንፎ የሚሸኝም አለ። እኔ የምለው ግን ሰውየውን በሥራው እንመዝነው እንጂ በሻንጣው ብዛት አንመዝነው ነው።

*

አሁን ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ሥነ ጽሑፉ ልመለስ።

የሚገርመኝ ነገር ይህ ነው። መዘዋወርን እንደ እኛ ያከበረ ሕዝብ ጥቂት ነው። ከዚህ ከቦረና ደጋ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን የተሻገረ ስንት ተማሪ ነበር! ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስለ ማርያም» እያለ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ይወርዳል። የዋድላን የጨረሰ ለዋሸራ ይነሣል፤ ዜማን ከአንዱ፣ አቋቋምን ከሌላው፣ መጻሕፍትን ከሦስተኛው ይማራል። አንድ መምህር ዘንድ ብቻ የተቀመጠ «አልዞረም» ይባላል እንጂ «ታማኝ ነው» አይባልም። በሌላውም ወገን የወሎው ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ፣ ከዳና ወደ ገታ፣ ከገታ ወደ ጀማ ንጉሥ ሲጓዝ ኖሯል። ማንም ተንከራታች አላለውም። ዑለማ ሆኖ ሲመለስ አገር ተነሥቶ ተቀበለው።

ሥነ ጽሑፋችንም ከዚሁ ምንጭ ጠጥቷል። ከልቦለዶቻችን ሁሉ አብዝተን የምንወደው የፍቅር እስከ መቃብር ባለታሪክ በዛብህ ከቤቱ ወጥቶ በየቦታው የተማረ የቅኔ ሰው ነው። የእርሱን መንገድ ስናነብ አልቅሰናል። ታዲያ አኩፋዳ ያነገተውን ተጓዥ ስናከብር የስፖርት ቦርሳ ያነገተውን ለምን ናቅነው? ሁለቱም የሚሄዱት ሙያ ፍለጋ አይደለምን? ሁለቱም የሚያድሩት ከማያውቁት ሰው ቤት አይደለምን? ሁለቱም አዲስ ደጅ በደረሱ ቁጥር ያለፈው ዝናቸው አይቆጠርላቸውም፤ እንደገና «እስኪ አሳየን» ይባላሉ።

ልዩነቱ አንድ ነው። አኩፋዳ የያዘውን የጻፈለት ሰው ተገኘ። ቦርሳ የያዘውን ግን ማንም አልጻፈለትም።

ነገሩ በእግር ኳስ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲፈጽም ቁጥሯን እንደ አባታችን ሆይ በቃላችን ያዝናት። ፊት ፊቱ እየሮጡ ነፋሱን የመከቱለትን አሯሯጮች ስም የሚያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? አሯሯጭም ባለሙያ ነው፤ ውል ፈርሞ፣ የታዘዘውን ርቀት በታዘዘው ፍጥነት ሮጦ፣ መጨረሻውን ሳያይ ከመንገድ ይወጣል። ለእርሱም መሳቢያ የለንም።

እዚህ ላይ ራሴን ነጻ ላወጣ አልሻም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ላይ በአንድ የግጥም ምሽት ስለ ሯጮቻችን የጻፍኩትን ግጥም አንብቤ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። በቅርቡ አውጥቼ ሳየው «ወርቅ» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ ተጽፏል። «ላብ» የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያም ቤት ለመምታት የገባ ነው። ግጥሙን ቀድጄዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አፍርቼበት ተቀምጧል።

ስለዚህ ለጽሑፍ ወዳጆች የማቀርበው ክስ አጭር ነው። ስለ አሸናፊ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሜዳሊያው ግማሹን ግጥም ጽፎ ያመጣልናል። ስለ ወደቀ መጻፍም ቀላል ነው፤ እንባው ሌላውን ግማሽ ይጽፍልናል። የሥራችን መፈተኛ ግን የመካከለኛው ሰው ነው። ያላሸነፈና ያልወደቀ፣ ሠርቶ የበላ፣ ውሉን ጨርሶ የተመለሰ ሰው። የአንባብያን አብዛኛው ይህን ሰው ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ የባንክ ሠራተኛውም ይህ ሰው ነው። የተጫዋቹን ሕይወት መጻፍ ያቃተን የራሳችንን ሕይወት ለመጻፍ የሚበቃ አይደለም ብለን ስለናቅነው ይመስለኛል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል ያገሬ ሰው። እነዚህ ሰዎች ወጣትነታቸውን አበደሩን፤ እኛ የመለስንላቸው «ባዶ እጁን ተመለሰ» የምትል ጠጠር ናት።

ያ ልጅ ዛሬም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ገንዘቡ በመጨረሻ ገባ፤ ሙሉው ግን አልገባም። ማለዳ ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ሜዳው ላይ ሕፃናት ሰብስቦ ያሠለጥናል። ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ስሄድ ቆሜ አየሁት። አንዱ ሕፃን ኳሷን አስቀርቶ ብቻውን ሊያልፍ ሲሞክር ጠራውና «ኳስ ከሰጠህ በኋላ አትቁም፤ ሰጥተህ ሂድ፤ ባዶ ቦታ ፈልግ» አለው። በአራት ክለብና በስድስት ዓመት የተገዛች ዕውቀት ናት። ከኋላዬ ሰልፈኛ ስላልነበረ ደፍሬ ተጠጋሁና «ያን ጊዜ ልመልስልህ የሚገባኝ ነገር ነበር» አልኩት። ሳቀና «ጋሼ፣ ገባ እኮ!» አለኝ። ስለ ገንዘቡ የማወራ መስሎታል።

እኔም ያልመለስኩለትን በዚህች ስንኝ ልመልስለት።

ሻንጣው ደጃፍ ቆሞ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣
ውሉን ጨረሰና መጣልን ተመልሶ።
ወርቅ ይዘህ መጣህ ወይ ብሎ ከመጠየቅ፣
ስንት ሜዳ አረስህ? ብሎ ነው ሰው ማወቅ።
በሰው አገር ሣር ላይ ላቡን ላፈሰሰ፣
አንዲት ስንኝ ትድረስ፣ ቤቱ ለደረሰ።

ቸር ይግጠመን።

ከመካነ ሰላም